ማርና ዕቃው፦ ከጉንዶ እስከ ብርጭቆ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ አንዳሳን አልፎ ጢስ ዓባይ የደረሰ እንግዳ ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ላይ ከሚያገኛቸው የአካባቢው ነዋሪዎች መካከል ያጌጠ ቅል የሚሸጡት ይገኙበታል። ቅሉ ተፍቆ፣ ተስሎና ተወልውሎ ስለሚቀርብ እንግዳው ገዝቶት ይሄዳል፤ በሰው አገር ሳሎንም ይሰቅለዋል። በዚያው በጎጃም ምድር ቅል ለስንት ዘመን ሲያገለግል የኖረበት ማር ግን ለገበያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ወይም ዘይት በነበረበት አሮጌ ፕላስቲክ ነው። ዕቃው ጌጥ ሆኖ ሲሸጥ በውስጡ ይያዝ የነበረው ምግብ ዕቃ አጥቶ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ይህ የሆነው ማሩ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘች፣ በሰም ምርትም ከዓለም ግንባር ቀደም አገሮች ተርታ የምትቆጠር ናት። ቡሬ፣ ወምበርማ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ሰከላና አካባቢያቸው ደግሞ ከመስከረም አደይ አበባ እስከ ግንቦት ብሳና ድረስ ንብ የሚቀስመው የማያጣበት ምድር ነው። ጎደሎው ሌላ ነው፤ የጎደለውን ለማወቅም ወደ ኋላ ሄዶ ታሪኩን ማየት ይጠቅማል።

በዕቃው ስም የተጠራ ግብር

በቀድሞው ዘመን ማር የሚለካው በሚዛን ሳይሆን በያዘው ዕቃ ነበር። «ጉንዶ» የሚለው ቃል ማር የሚያዝበትን ሸክላ የሚያመለክት ሲሆን እየቆየ የግብር መለኪያ ሆኗል። «ይህን ያህል ጉንዶ ማር» ሲባል ባላገሩ ለንጉሥ፣ ለመኳንንቱ ወይም ለገዳሙ የሚያገባው ዕዳ ማለት ነው። የጉንዶው ልክ ግን ከአገር አገር ይለያይ ነበር። ዕቃው ሲሰፋ ግብሩም ይሰፋል። ሸክላው በማን እጅ እንደሚለካ መወሰን በባላገሩ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንደሚሰጥ አንባቢ መገመት አያቅተውም።

የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጢስ ዓባይን ያየው በ1762 ዓ.ም ሲሆን ሰከላ ግሽ ዓባይ የደረሰው ደግሞ በ1763 ዓ.ም በጥቅምት ወር መጨረሻ ነው። ወሩ ማር የሚቆረጥበት ወር መሆኑ ነው። ይህ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ዳሞት አገዎች ሀብት ሰፋ አድርጎ ጽፏል። አገዎቹ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም እየጫኑ በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው በየተራ ወደ ጎንደር ይወጡ እንደነበር ይናገራል። የጎንደር ከተማ ስንቅም በእነርሱ ላይ የተመሠረተ ነበር። ለንጉሡ ከሚያገቡት ግብር ውስጥ አንድ ሺህ ማሰሮ ማር ይገኝበታል። ብሩስ ማሰሮውን «ዳብራ» ብሎ የጻፈው ሲሆን እያንዳንዱ 60 ፓውንድ፣ በዛሬው ልክ 27 ኪሎ ያህል፣ የሚይዝ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው ይላል። አንድ ሺው ሲደመር 270 ኩንታል መሆኑ ነው።

ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ለዛሬው ርእስ ከማሩ ይልቅ የሚጠቅመው ስለ ቅቤው የተባለው ነው። ያን ያህል መንገድ በዚያ ፀሐይ ሲጓዝ ቅቤው ቀልጦ እንዳይበላሽ ባላገሮቹ ካሮት የሚመስል ቢጫ ሥር ወቅጠው ይቀላቅሉበት እንደነበር ብሩስ መዝግቧል። የሥሩን ስም እንደ ሰማው «ሞክሞኮ» ብሎ ጽፎታል። ይህ ዛሬም በየገበያው የሚገኘው፣ የጎጃም እናቶች ቅቤ ሲያነጥሩ የሚጨምሩት መቅመቆ ነው። እንግዲህ የምግብ ማቆያ ዘዴና ደስ የሚል ቀለም በአንድ ላይ መሆኑ ነው። ምርትን ገበያ እስኪደርስ ጠብቆ፣ ለዓይንም አሳምሮ ማቅረብ ከውጭ የመጣ ትምህርት ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያነቡ መልካም ነበር።

ሰም ራቁቱን ይሄዳል፣ ማር ግን አይሄድም

የኢትዮጵያ ሰም ከጥንት ጀምሮ ባሕር ተሻግሮ ሲሸጥ ኖሯል። ማሩ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከአገር የሚወጣው እጅግ በጥቂቱ ነበር። ሁለቱም የአንድ ቀፎ ውጤቶች ሆነው ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? አንደኛው ምክንያት ጠጅ ነው፤ ማሩ እዚሁ ይጠጣል። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን የዕቃ ጉዳይ ነው። ሰም ቀልጦ ሲረጋ ድንጋይ ይሆናል። በበቅሎ ቢጫን፣ በመርከብ ቢወረወር፣ ዓመት ቢቀመጥ አይፈስም፤ አይበላሽም፤ ዕቃም አይጠይቅም። ማር ግን ይፈሳል፣ እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ያጠገበውን ሽታ ሁሉ ይወስዳል። አሲድነት ስላለውም ከብረት ጋር አይስማማም። ዕቃ ከሌለው ከመንደሩ አይርቅም።

በነጋዴዎች ዘመን ለየዕቃው የሚስማማ መያዣ ይፈለግ ነበር። ዝባድ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ረጅም መንገድ ይጓዛል። አሞሌ ጨው እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል። እህል በስልቻና በአቅማዳ ይጫናል። የማር ዕቃ ሸክላ ነው፤ ሸክላ ደግሞ ከባድም ተሰባሪም ነው። በበቅሎ የተጫነ ጋን አንድ ጊዜ ቢገለበጥ የዓመት ድካም በአንድ ቅጽበት ይፈስሳል። ቅል ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ አይይዝም። በስልቻ የተያዘ ማር ደግሞ የቆዳ ሽታ ያመጣል። ስለዚህም ማሩ የግድ በአቅራቢያው ገበያ ይሸጣል፣ ወይም ወደ ግብር ይሄዳል፣ ወይም ጠጅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሳይነሣ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ጉንዶውን፣ ጋኑን፣ ገንቦውን የሠሩት ሴቶች ናቸው። ጭቃውን ቆፍረው፣ ረግጠው፣ በእጃቸው አበጅተው፣ በኩበትና በእንጨት ተኩሰው ያቀረቡት ባለሙያዎች «ቡዳ» እየተባሉ ሲሰደቡ፣ መሬት ሲከለከሉና ከማኅበር ሲገለሉ ኖረዋል። አንድ ሺህ ማሰሮ ማር ለንጉሥ ሲገባ ከአንድ ሺው ማሰሮ ጀርባ ስማቸው ያልተጻፈ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ዕቃ ሠሪውን የናቀ ኅብረተሰብ ዕቃውን ሊያሻሽል አለመቻሉ የሚያስገርም አይደለም።

በአንጻሩ ጠጁ የራሱን ዕቃ አግኝቷል። ብርሌን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። አንገቱ ቀጠን፣ ሆዱ ሞላ ያለው ይህ ብርጭቆ በሩቅ ሲታይ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራል፤ ጽሑፍም አያስፈልገውም። የጠጁን ወርቃማ ቀለም በብርሃን ያሳያል። የዛሬ ዘመን ባለሙያዎች ለአንድ ምርት መለያ ቅርጽ ለማግኘት ብዙ ገንዘብ የሚያወጡበትን ነገር ጠጅ ያለ ወጪ አግኝቶታል። ለማሩ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም።

ጀሪካንና «ሃይላንድ»

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ፍኖተ ሰላም በአዲሱ ስሙ ከተማ ሆኖ ሲያድግ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድም መኪና እየበዛበት ሲመጣ ጋንና ገንቦ በቆርቆሮና በኋላም በፕላስቲክ ተተኩ። ጀሪካን የማይሰበር፣ ቀላልና ርካሽ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በማር ሲሞላ 28 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ብሩስ ከመዘገበው «ዳብራ» ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ የአንድ ሰው ሸክም ልክ አልተለወጠም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጀሪካኑ አዲስ አይደለም። ዘይት፣ አንዳንዴም ጋዝ፣ የነበረበት ነው። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ ተፈትጎ አይጸዳም። ማሩ ሲረጋ ደግሞ በዚያ አንገት አይወጣም፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር ይደረጋል። ማር ከመጠን በላይ ሲሞቅ መዓዛው ይጠፋል፣ ቀለሙ ይጠቁራል። በላቦራቶሪ የሚለካውና የማርን መሞቅና ማርጀት የሚያጋልጠው ኤች ኤም ኤፍ የተባለው ንጥረ ነገርም ከፍ ይላል። ዓለም አቀፉ መመዘኛ በአንድ ኪሎ ማር ውስጥ ከ40 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር እስከ 80 እንዲፈቀድ ይደነግጋል። ስለዚህ በቡሬ ገበያ ማሩን ከጀሪካን ለማውጣት የተደረገችው ትንሽ ማሞቅ በአውሮፓ ላቦራቶሪ ጥያቄ ልታስነሣ ትችላለች።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የታሸገ ውኃ ሲስፋፋ ባዶው ፕላስቲክ በየመንገዱ የማር ዕቃ ሆነ። ሕዝቡ በመጀመሪያ በመጣው የውኃ ስም «ሃይላንድ» ይለዋል፤ የየትኛውም ፋብሪካ ውኃ ቢሆን ባዶው ሃይላንድ ነው። በአውቶቡስ መቆሚያ፣ በኬላ፣ በገበያ ዳር በሃይላንድ የተሞላ ማር ለመንገደኛ ይዘረጋል።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩ ሳያውቀው የሚከፍለው ነገር አለ። ማር ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይመዝናል። ባለ አንድ ሊትሩን ሃይላንድ «አንድ ኪሎ» ብሎ የሚሸጥ ሰው በየጠርሙሱ 400 ግራም ይመርቃል። ባለ ሁለት ሊትሩን «ሁለት ኪሎ» ካለ 800 ግራም ሄደበት። በዓመት 20 ኪሎ ማር የሚቆርጥ ቤተሰብ ሁሉንም በዚህ መንገድ ቢሸጥ ከ6 ኪሎ ሊያንስ ጥቂት የቀረውን ያህል በነጻ ሰጠ ማለት ነው። የጉንዶው ልክ እየሰፋ ባላገሩን ይጎዳው እንደነበረ ሁሉ ሃይላንዱም በጸጥታ ያንኑ ያደርጋል። ልዩነቱ አሁን ግብር ሰብሳቢ አለመኖሩ ነው።

የገዢውም ነገር አለ። በሃይላንድ የተሸጠ ማር ማን እንደቆረጠው፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ስኳር ይግባበት አይግባበት አይታወቅም። ከተሜው አንድ ጊዜ ከተታለለ በኋላ ሁሉን ይጠረጥራል። ማር በተፈጥሮው የሚረጋ መሆኑ ደግሞ ጥርጣሬውን ያባብሰዋል። በደጋ ብርድ ማር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስኳር መስሎ ይረጋል፤ ይህም በውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ወደ ጠጣርነት ስለሚለወጥ እንጂ ባዕድ ነገር ስለገባበት አይደለም። ይህን የሚያስረዳ አንዲት መስመር ጽሑፍ በዕቃው ላይ ስላልነበረች ስንት ንጹሕ ማር «ስኳር ነው» ተብሎ ተመልሷል።

የማኅበራትና የዩኒየኖች ጊዜ

በደርግ ዘመን በ1970 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 138 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን በየገጠሩ ቢያስፋፋም በገበያ በኩል የመንግሥት ዓይን የነበረው በእህል ኮታ ላይ ነበር። ማር የአርሶ አደሩ የጓሮ ጉዳይ ሆኖ ቀረ፤ ምናልባትም ይህ ለማሩ መልካም ሳይሆን አልቀረም። በሆለታ በ1950ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ የተቋቋመው የንብ ምርምር ማዕከል የዘመናዊ ቀፎና የማር አያያዝ ትምህርት ሲሰጥ ቢቆይም ትምህርቱ ጎጃም ገጠር ድረስ ዘልቆ የገባው በዝግታ ነው።

አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ማኅበራት በፈቃደኝነት ተደራጅተው ወደ ዩኒየን እንዲያድጉ መንገዱ ተከፈተ። በፍኖተ ሰላም ዳሞት፣ በባሕር ዳር መርከብ ሁለገብ ዩኒየኖች የተቋቋሙት ከዚህ በኋላ ነው። የእነዚህ ዋና ሥራ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና እህል ሲሆን በንብ ውጤቶች ላይ ብቻ ያተኮረው ዘንባባ የንብ ውጤቶች ልማትና ግብይት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንም መቀመጫውን ባሕር ዳር አድርጎ ተነሣ። የንብ አናቢ ማኅበራት የራሳቸው ዩኒየን ማግኘታቸው ማሩ ተጣርቶ፣ ተመዝኖ፣ ታሽጎና ስም ወጥቶለት ለመደርደሪያ እንዲቀርብ በር ከፍቷል።

ቡሬም የራሷ ድርሻ አላት። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በካናዳ መንግሥት ድጋፍ ከ1997 እስከ 2004 ዓ.ም ያካሄደው የአርሶ አደሩን ምርታማነትና የገበያ ውጤት የማሻሻል ፕሮጀክት በመላ አገሪቱ ከመረጣቸው አሥር ወረዳዎች አንዷ ቡሬ ነበረች። በርበሬና ማርም ትኩረት ከተሰጣቸው ምርቶች ውስጥ ነበሩ። በዚያ ወቅት ግልጽ ሆኖ የወጣው ነገር ችግሩ ከቀፎው ጀምሮ መሆኑ ነው። በባህላዊ ቀፎ የተቆረጠ ማር ከእጭ፣ ከሰፈፍና ከጭስ አመድ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ለጠጅ ቤት ይህ ግድ አይሰጠውም፤ ጠጅ ጣይዋ ሰፈፉን ራሷ ትለያለች። ጠጅ ቤት ዋናው ገዢ እስከሆነ ድረስም አርሶ አደሩ ለማጣራት የሚደክምበት ምክንያት አልነበረውም። ብርጭቆ ግን የውስጡን ገመና ያወጣል። ግልጽ ዕቃ ሲመጣ ማጣሪያ መምጣት አለበት፤ ማጣሪያ ሲመጣ በክፈፍ የሚሠራ ቀፎና ማር መጭመቂያው መምጣት አለበት። ብዙ ሰው ማሸጊያን የመጨረሻ ሥራ አድርጎ ይቆጥረዋል። በማር ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ዕቃው ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት ጎትቶታል።

በ2000 ዓ.ም የአውሮፓ ኅብረት ማር ሊልኩ ይችላሉ ብሎ ከሚቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አስገባ። ለዚህም መንግሥት በማር ውስጥ የመድኃኒትና የኬሚካል ቅሪት አለመኖሩን በየዓመቱ እየመረመረ ማሳወቅ ነበረበት። በአዲስ አበባ እንደ በዛ ማር ያሉ ድርጅቶች ወደ ውጭ መላክ ጀመሩ። በ2002 ዓ.ም ደግሞ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ወጣ። በሩ መከፈቱ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ማር ወደ ውጭ የሚሄደው በአብዛኛው በትልልቅ በርሜል ነው። አንድ በርሜል 300 ኪሎ ያህል ይይዛል። በርሜሉ ባሕር ማዶ ይከፈትና በትንንሽ ብርጭቆ ይገለበጣል፤ የሚለጠፍበትም የገዢው ስም ነው። ወደ ሱዳን የሚሻገረውም እንዲሁ በጅምላ ነው። በዚያው ወቅት በአዲስ አበባ ትልልቅ መደብሮች ከውጭ የመጣ ማር ባማረ ብርጭቆ ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። ከአፍሪካ አንደኛ የማር አምራች በሆነች አገር ዋና ከተማ!

ስም ያለውና ስም የሌለው

በቡና ላይ የሆነውን ማስታወስ እዚህ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም ማመልከቻ ሲያስገባ የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ኩባንያም ጋር ብዙ ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ ሰኔ 1999 ዓ.ም ላይ ስምምነት ተፈረመ። ጉዳዩ ቡናው ጣፋጭ ነው አይደለም አልነበረም፤ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው የሚል ነበር። በአገር ውስጥም በ1998 ዓ.ም የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ማኅበራት የወል የንግድ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ፈቅዷል። በማር በኩልም የትግራይ ነጭ ማርና የወንጪ ማር በዓለም አቀፉ የስሎው ፉድ ንቅናቄ ድጋፍ በትውልድ ቦታቸው ስም ለመታወቅ በቅተዋል።

ከዚህ አንጻር በየመደርደሪያው የሚታየው የአገር ውስጥ ማር ምልክት ሲመረመር አንድ ነገር ይታያል፦ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ንብ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን የሰም ሴል፣ ቢጫ አበባ፣ ከዚያም «ንጹሕ የተፈጥሮ ማር» የሚል ጽሑፍ። ንብ የሌለበት ማር የት አለ? ንጹሕ አይደለም ብሎ የሚጽፍስ ማን ነው? ገዢው ሊያውቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ከየት ወረዳ፣ ከምን አበባ፣ በየትኛው ወር የተቆረጠ ነው የሚለውን። «ሰከላ፣ ጥቅምት» የሚሉ ሁለት ቃላት ከአንድ ሥዕል ንብ ይልቅ ብዙ ይናገራሉ። የጥቅምትና የኅዳሩ ማር የአደይ አበባ፣ የመጭና የኑግ ሲሆን የግንቦትና የሰኔው በአመዛኙ የዛፍ አበባ ማር ነው። ቀለማቸውም ጣዕማቸውም ይለያያል። አርሶ አደሩ ይህን ልዩነት በምላሱ ያውቀዋል፤ ከተሜው ግን ማንም ስላልነገረው ሁሉንም «ማር» ብሎ ይገዛል፣ አንዱን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ የሸጠለትንም አያውቅም።

ስለ ቅርጹም የሚባል አለ። የደጋ ማር የሚረጋ ስለሆነ አንገተ ጠባብ ጠርሙስ አይሆነውም፤ ማንኪያ የሚገባበት አፈ ሰፊ ዕቃ ያስፈልጋል። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ 700 ግራም ማር ስለሚይዝ በላዩ ላይ የሚጻፈው ግራሙ እንጂ ሊትሩ መሆን የለበትም። ወረቀቱ በማር ጠብታ እንዳይርስና እንዳይላቀቅ ማጣበቂያው መታሰብ አለበት። ክዳኑም ሳይከፈት መቆየቱን የሚያሳይ ማኅተም ቢኖረው የከተሜውን ጥርጣሬ ይቀንሳል። እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ። ነገር ግን ክዳኑ ልል ሆኖ በካርቶን ውስጥ የፈሰሰ አንድ ብርጭቆ የጎረቤቶቹን ሁሉ ምልክት ያበላሻል፤ ባለ መደብሩም ካርቶኑን እንዳለ ይመልሰዋል።

በርግጥ ብርጭቆ ውድ ነው። ለማር የሚሆነው ዕቃ ከነክዳኑ በብዛት ከውጭ ሲገባ የቆየ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ዕቃውም ይጠፋል። ብዙ ማኅበራት ወደ ፕላስቲክ ባልዲ የተመለሱት ወደው አይደለም። ለምግብ ተብሎ የተሠራ አዲስ ባልዲ ከአሮጌ ጀሪካን በብዙ እጥፍ ይሻላልና የሚያስነቅፍ አይደለም። ለሠርግና ለተዝካር ጠጅ የሚገዛ ሰው ባለ ብዙ ኪሎ ባልዲ እንጂ ብርጭቆ አይፈልግም። ብርጭቆው ለቁርስ ገበታ ለሚገዛው ነው። ሁለቱን ገዢዎች ለይቶ አለማወቅ ማኅበራትን ከሁለቱም ገበያ ሊያወጣቸው ይችላል። ትንሽ ምርት ያለው ማኅበር ብቻውን ብርጭቆ ቢያዝ ዋጋው አይችለውም፤ በዩኒየን በኩል በብዛት ሲታዘዝ ግን የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ ይወርዳል። የኅብረት ሥራ ጥቅም በንግግር ሳይሆን በሒሳብ የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የእርሻ ውጤቶችን በቅርቡ አቀነባብሮ ለመሸጥ የታሰበበት ነው። ከ2015 ዓ.ም መገባደጃ ወዲህ በክልሉ የደረሰው ግጭት ግን መንገድ በየጊዜው እየዘጋ ማሩንም ነጋዴውንም አጉላልቷል። ከዚያ በተጨማሪ የአረምና የተባይ መድኃኒት በየማሳው በመበራከቱ ንብ አናቢው ከጎረቤቱ ጋር ሲጣላ ይሰማል። መድኃኒቱ ፀሐይ ሳለ በአበባ ላይ ሲረጭ ቀሳሚዋ ንብ ወደ ቀፎዋ አትመለስም። አመሻሽ ላይ ቢረጭና ጎረቤት አስቀድሞ ቢነግር ብዙ ቀፎ ይተርፋል።

ጥሩ ብርጭቆ በኢትዮጵያ ቤት አይጣልም። ማሩ ካለቀ በኋላ ይታጠብና በርበሬ፣ ኮረሪማ ወይም ቅቤ ይያዝበታል፤ ጓዳ ውስጥም ለዓመታት ይቀመጣል። እናት ወጥ በሠራች ቁጥር ታነሣዋለች፣ ልጆችም በላዩ የተጻፈውን ያነባሉ። ስለዚህ የሰከላ ወይም የቡሬ ማኅበር ምልክቱን ሲያሳትም በውኃ የማይለቅ ቀለምና ወረቀት ቢመርጥ፣ የማኅበሩን ስምና የሚገኝበትንም ከተማ ጉልህ አድርጎ ቢጽፍ ገንዘቡ አይባክንም፤ የሚቀጥለው ዓመት ገዢ አድራሻውን የሚፈልገው ከበርበሬው ብርጭቆ ላይ ነውና።